ክቡ ማዕዘን

አክስቴ ልታገባ መሆኑን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነበርኩ። እንደማታገባ ደግሞ ከሁሉም መጨረሻ ያወቅሁት እኔው ነኝ። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል፤ የእኔ ሁለቱም ጥሬ ነበር።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ገና ዳዴ ስትል በያዛት ትኩሳት ጆሮዋ መስማት አቆመ። ልጅ ሳለች ሩቅ ከተማ ባለ መስማት የተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ እዚያው አደገች፣ ስፌትም እዚያው ተማረች። አያቴ ልትሞት ስትል አባዬን «እህትህን አደራ» አለችው፤ እሱም ሄዶ አመጣት። እኔ ነፍስ ሳውቅ የስፌት መኪናዋ መስኮታችን ሥር ተተክሎ ነው ያገኘሁት።

ከእሷ ጋር የምንግባባባቸው ምልክቶች ጥቂት ነበሩ። ጣትን ወደ አፍ መውሰድ «በላሽ?» ነው። ጉንጭን መዳፍ ላይ ማስተኛት «ደከመሽ?» ነው። አባዬን ለመጥቀስ ጆሮዋ ላይ እርሳስ እንደሚሰካ ሰው ታደርጋለች፤ አባዬ አናጺ ስለሆነ እርሳስ ከጆሮው አይለይም ነበር። ልንጠራት ስንፈልግ ወለሉን በእግራችን መታ መታ እናደርጋለን። ከዚህ ያለፈ ነገር ሲመጣ በጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይጻፋል፤ እሱም ቢሆን «ነገ»፣ «አዝራር አለቀ»፣ «ዝናብ መጣ» ከማለት አያልፍም። እማዬ ለጎረቤት ስታመሰግናት «እሷ እኮ ነገር አታበዛም» ትል ነበር። እኔም ነገር አለማብዛቷን እንደ ቁመቷ አብሯት የተፈጠረ አድርጌ ይዤው ነበር።

መንገዳችን የተቆፈረው በዚያ ሰሞን ነው። ወሬውን ያመጣችው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ የዜና ሰዓት ግን የላትም፣ ቀኑን ሙሉ ነው።

«ከመስታወት የተሠራ ክር ነው አሉ የሚቀብሩት» አለቻት እማዬን፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ። «ውስጡ ብርሃን ነው የሚሄደው። ኢንተርኔቱ በሱ በኩል ቤት ድረስ ሊገባልን ነው።»

«መስታወት ደግሞ እንዴት ይፈተላል?»

«እኔ ፈተልኩት? ያሉትን ነው የነገርኩሽ።»

መስታወት የሚፈትል ሰው ሳላይ ማደር አልቻልኩም። ሮጬ ስደርስ ሰዎች ቦዩ ውስጥ ወፍራም ብርቱካናማ ቱቦ እየዘረጉ ነበር። እሱ አላስደነቀኝም። የመንገዱ ጫፍ ላይ ግን በትልቅ ጃንጥላ ሥር አንድ መነጽር ያደረገ ሰው፣ ፊቱ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የምሳ ዕቃ የሚያክል ማሽን አስቀምጦ ተቀምጧል። ሰፈሩ ወዲያው «ባለመስታወቱ» ብሎታል። ክሩ ከፀጉር አይወፍርም። ልባሱን ይገፍፈዋል፣ እርጥብ ነገር ባለው ጨርቅ ይጠርገዋል፣ ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ሁለት ጫፎችን ማሽኑ ውስጥ ፊት ለፊት አስተኝቶ ክዳኑን ይዘጋል። ማሽኑ ብልጭ ሲል ሁለቱ ክሮች አንድ ይሆናሉ። አፌን ከፍቼ ስመለከት ከጎኔ የማውቀው የጠመኔ ሽታ መጣ። ዘወር ስል አክስቴ ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

አክስቴ በቀን ብርሃን ሥራዋን ጥላ ስትወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱም መጣች። ከዚያ በኋላማ ባለመስታወቱ ጃንጥላውን ሲዘረጋ እሷም ከበር ትወጣ ጀመር። ሰውየው እንደማትሰማ ሲገባው በአፉ ማስረዳቱን ትቶ ማሳየት ያዘ። አንድ ቀን እስክሪብቶ የሚመስል ነገር በክሩ አንድ ጫፍ ላይ ሰካና ሌላውን ጫፍ ወደ መዳፏ አስጠጋው። መዳፏ ላይ ቀይ ነጥብ በራች። አክስቴ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ሳቋን ቤታችን ውስጥ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ ሰውየው ክሩን ጣቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ጠቀለለው፤ ቀዩ ብርሃን ከታጠፈበት ቦታ ወደ ውጭ ፈሰሰና መዳፏ ላይ ያለችው ነጥብ ጠፋች። ሲፈታው ተመለሰች። አክስቴ ተቀብላው እሷም አጠፈች፣ ፈታች፣ አጠፈች፣ ፈታች። መጨረሻ ላይ ወደ ቤታችን ጠቆመችና ቅንድቧን ከፍ አድርጋ አየችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። አክስቴ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ከዚህ በላይ ምን ማየት ነበረብኝ? ወደ ቤት ተጠቁሟል፣ እሺ ተብሏል፣ እጅ ደረት ላይ ወጥቷል። ጉዳዩ ጋብቻ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«ይሄ ክር እኛም ቤት ይደርሳል?» ብላ ነበር የጠየቀችው። ይህን ለማወቅ ግን የእጅ ቋንቋ መማር ነበረብኝ፤ ያኔ እንዲህ የሚባል ቋንቋ መኖሩንም አላውቅም።

ጥርጣሬዬን ያጸናው አባዬ ነው። የእንጨት ሥራው ከቤታችን ጀርባ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ሰጋቱራ ላይ ተቀምጬ መጫወት እወዳለሁ። እማዬ ሻይ ይዛለት መጣች። እሱ መጋዙን አላቆመም፤ ስለዚህ ወሬያቸው የሚደርሰኝ መጋዙ ሲያርፍ ብቻ፣ ቁራጭ ቁራጩ ነው።

«ከገባ ትሄዳለች» አለ አባዬ። መጋዙ ሄደ፣ መጣ።

«ትሂዳ። ትልቅ ሰው እኮ ናት።»

መጋዙ ሄደ፣ መጣ። «አደራ የተባልኩት እኔ ነኝ። እዚያ ሄዳ አንድ ነገር ብትሆን ለማን ትናገራለች?»

«እዚህስ ከማን ጋር ታወራለች?» አለች እማዬ።

መጋዙ እንጨቱ መሐል ተቀርቅሮ ቀረ። «ከኛ ጋር» አለ አባዬ፤ ሻዩም ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ነጭ ጨርቅ አመጣች። ሰፊ፣ ጥርት ያለ፣ አንዲት አበባ እንኳን የሌለው። ጠርዙን ስትቀምቅም ሳይ ቀልቤ ተገፈፈ። ሙሽራ ነጭ እንደምትለብስ ማን ይስታል? የሚሰፋው ነገር እጅጌም ወገብም እንደሌለው አስተውያለሁ፤ ግን ገና ስላልደረሰ ነው አልኩ።

ነገሩን ከሥሩ ለማጣራት ባለመስታወቱ ዘንድ ሄድኩ። ጃንጥላው ሥር ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ቤታችን የምትመጣው መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አለኝ፣ ዐይኑን ከክሩ ሳይነቅል።

«ለአክስቴ ብለህ ነው?»

«አዎ፣ እሷ ናት የጠየቀችው። አባትሽ እሺ ካለ ነው እንግዲህ፤ እሱ ካልፈቀደ ምንም አላደርግም።»

ጨዋ ሰው ነው አልኩ በሆዴ። አባቷ ስለሞተ ከወንድሟ ፈቃድ ሊጠይቅ ነው። ወደድኩት።

ሐሙስ ዕለት ማንም ሳይነግረኝ ጥሩ ቀሚሴን ለበስኩ። «ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለችኝ እማዬ። «እንግዳ ይመጣል» አልኳት። ሙሽራው መሰላል ተሸክሞ፣ አቧራ የጠጣ የሥራ ልብሱን ለብሶ መጣ። ትንሽ ቅር አለኝ።

«እዚህ ጋ አንድ ቀዳዳ ልበሳ ነበር» አለ አባዬን፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ። «ባለቤቱ ካልፈቀደ ግን አልነካም።»

አባዬ ግድግዳውን አየ። ያንን ቤት የሠራው በገዛ እጁ ነው፤ ማዕዘኖቹ ሁሉ በስኳድራ የተለኩ ናቸው። ማዕዘኑ ዘጠና ያልሞላ ቤት ገብቶ ሻይ እንኳን ደስ ብሎት አይጠጣም። አሁንም ማዕዘኑን በዐይኑ ይለካ ነበር፤ ባለመስታወቱ ተስፋ ቆርጦ መሰላሉን ማጠፍ ጀመረ። ያኔ አክስቴ ከመኪናዋ ተነሳች። አዝራር የሚተከልበትን ቦታ ጨርቅ ላይ እንደምታመለክተው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ትንሽ መስቀለኛ አደረገችና ከጎኑ ቆመች። ዐይኗን ከአባዬ ላይ አላነሳችም።

አባዬ ወጥቶ ሄደ። እንቢ ብሎ ነው ብዬ ልቤ ተሰበረ። ሲመለስ የራሱን መብሻ፣ ትራፓኖውን፣ ይዟል።

«በኔ ግድግዳ ላይ ሌላ ሰው አይበሳም» አለና መስቀለኛው መሐል ላይ በሳው።

ባለመስታወቱ ገመዱን አስገባ፣ አጋጠመ፣ ትንሽ ነጭ ሳጥን ሰቀለ። ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። የተረፈውን ገመድ ማዕዘኑ ላይ ክብ አድርጎ በፕላስተር ያዘው።

«ልሸፍነው ካልክ ሸፍነው፤ ግን እንዲህ ክብ እንደሆነ ይሁን። ማዕዘን ላይ ከታጠፈ ብርሃኑ እዚያው ይፈሳል፣ መስመሩም ይጠፋል።»

«ገብቶኛል» አለ አባዬ።

ሰውየው መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። እስከ አጥሩ ተከትዬው ሮጥኩ። «እሷስ?» አልኩት። «ማን?» አለኝና ራሴን ዳበስ አድርጎ ሄደ። ሙሽራ ጥሎ የሚሄድ ሙሽራ በሕይወቴ ያየሁት ያንን ቀን ብቻ ነው።

ግራ ገብቶኝ ስመለስ አክስቴ ነጩን ጨርቅ ከወንበሯ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ ዘርግታ ሰቅላዋለች። ለካ ቀሚስ አልነበረም። ከጀርባዋ የነበረው ዝንጉርጉር መደርደሪያ፣ የክሩ ጥቅልል፣ የጨርቁ ክምር ሁሉ ተሸፈነ። ከሳጥኗ ውስጥ ታብሌት አውጥታ የስፌት መኪናው ላይ አቆመችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ታብሌቱ በራ። አንዲት ፊቷ ክብ የሆነ ሴት፣ እሷም ከጀርባዋ ነጭ ጨርቅ ሰቅላ፣ ብቅ አለች። የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት።

ከዚያ በኋላ ያየሁት እጄን በአፌ ያስጫነኝ ነገር ነው። የአክስቴ እጆች ተነሱ። ነጩ ጨርቅ ላይ እያንዳንዱ ጣቷ ለብቻው ይታያል። የምታወራው በእጇ ብቻ አይደለም፤ ቅንድቧ ይጠይቃል፣ ትከሻዋ ይከራከራል፣ ጉንጯ ተነፍቶ ሰው ያማል። ጓደኛዋ ስትመልስ አታስጨርሳትም፤ ትቆርጣታለች፣ ትስቃለች፣ ጠረጴዛውን ትመታለች። የሬዲዮን አጥር ላይ መደገፍ አሳየቻት፤ እንዴት እንዳወቅሁት አላውቅም፣ ግን ራሷን ሬዲዮን አየኋት። ነገር አታበዛም ያልናት ሴት ወሬኛ ነበረች። ለዓመታት የተጠራቀመ ወሬ ነበራት።

በስልክ ሞክረውት ነበር ለካ። በስልኩ ኢንተርኔት ምስሉ እየተቆራረጠ፣ አንዱ ምልክት ሲመጣ ሦስቱ እየቀረ፣ ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ትተውታል። ለሚሰማ ሰው ምስል ቢቆራረጥ ድምፅ ይተርፋል። ለአክስቴ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

በመሐል ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰካች። አባዬ ማለት ነው። ከዚያ ደረቷን ነፍታ፣ አንድ ዐይኗን ጨፍና፣ አንድ የማይታይ ማዕዘን በማይታይ ስኳድራ ስትለካ ጓደኛዋ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። እኔም ሳቅሁ። ዘወር ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። አልተቆጣም። ጠፍቶበት የኖረ ነገር ሌላ ሰው እጅ ላይ ያየ ሰው ነበር የሚመስለው። ሳትሰማ፣ ሳታየው፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ገመዱን ሸፈነው። ከወለሉ በላይ ግድግዳውን የሚዞረውን እንጨት፣ ዞኮሎውን፣ ገመዱ በሚያልፍበት በኩል አውልቆ አዲስ ሠራለት፤ ገመዱን ከኋላው አስገብቶ መታው። ማዕዘኑ ላይ ሁለቱ እንጨቶች ሲገጥሙ በመሐላቸው ምላጭ አይገባም። «አየሽ?» አለኝ። «ገመድ ያለ አይመስልም።» በአባቴ ኮራሁ።

በዚያው ከሰዓት አክስቴ ነጩ ጨርቅ ፊት ስትቀመጥ ጓደኛዋ ብቅ አለችና እጇን እንዳነሳች ደርቃ ቀረች። ሳጥኑ ላይ ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ጨርሶ ቀላ። አክስቴ ግን ምናልባት በዚያ በኩል ይታይ እንደሆነ ብላ ማውራቷን አላቆመችም። እጆቿ ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ፣ መጨረሻ ላይ ጭኗ ላይ አረፉ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ አባዬ፣ እማዬ ስትጠይቀው። «የነሱ ዕቃ ነው።»

ባለመስታወቱ ሌላ ሰፈር ሄዷል፤ እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን። አክስቴ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ነጩ ጨርቅ ፊት ትቀመጣለች፤ መብራቱን ታያለች፣ ትነሳለች። እኔ ሙሽራው ስለተዋት ያዘነች መስሎኝ ብስኩቴን እያካፈልኳት አጽናናት ነበር።

ዛሬ እንጀራዬ ይኸው መስመር ነው። እንደ ባለመስታወቱ መሰላል ተሸክሜ ሰው ቤት እገባለሁ። ሳያውቁት የታጠፈ ገመድ ብዙ አይቻለሁ፦ ቁምሳጥን የተጫነው፣ በር የቆነጠጠው፣ ሕፃን ያጠላለፈው። አባዬ ግን ሲነግሩት ገብቶኛል ብሎ ያልገባው ነገር ኖሮ አያውቅም። ክፉ ሰውም አልነበረም። ፈርቶ ነው። ጓደኛዋ ልብስ ስፌት ልትከፍት፣ አክስቴን አብረን እንሥራ እያለች በመልእክት ስትለምናት እንደከረመች ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን አክስቴ ነጩን ጨርቅ አወረደችው። በአራት አጥፋ፣ በመዳፏ ደልድላ፣ ከሌሎቹ ጨርቆች ሥር አኖረችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የአባዬን የሥራ ካፖርት አነሳችና ተቀድዶ የከረመውን ኪሱን መስፋት ጀመረች። ስትጨርስ አምጥታ ሰጠችው፤ ጣቷንም ወደ አፏ ወስዳ «በላህ?» አለችው።

አባዬ ካፖርቱን ለበሰ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እዚያው ቆሞ ስፌቱን ከውስጥ በጣቱ ሲዳስስ ይታየኛል። ከዚያ ሄዶ መዶሻውንና መንቀያውን አመጣ።

የማዕዘኑን ዞኮሎ ነቀለው። ከኋላው ገመዱ በሁለት ምስማር መሐል ተይዞ፣ ዘጠና ሞልቶ፣ እንደ ወረቀት ታጥፏል። ምስማሮቹን ነቅሎ ገመዱን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ዘረጋው። የሻይ ብርጭቆ አምጪ አለኝ። ገመዱን በብርጭቆው ላይ አዙሮ ክቡን ለካ፣ ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ እንጨት ጠርቦ መጣ። ገጠመው። ሳጥኑ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆነ። አባዬ ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገ። አክስቴ ዘወር ስትል ወደ መብራቱ ጠቆመና ካፖርቱን እንደለበሰ ወጣ።

በቤታችን ውስጥ ካሉት ማዕዘኖች ሁሉ ክብ የሆነው ያ አንዱ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አለ።

አክስቴ በእርግጥ ሄደች። አባዬ እንደፈራው ሆነ። የስፌት መኪናዋን ጭነን ስንሸኛት እኔ ሠርግ ሳልበላ ቀረሁ ብዬ ነበር የማለቅሰው። ስፌት ቤቱን ከጓደኛዋ ጋር ከፈቱት፤ ዛሬ ሠራተኞቹ ሁሉ በእጅ የሚያወሩ ናቸው፣ ደንበኛ ሲገባ ጸጥታው ያስደነግጠዋል ትለኛለች፣ እሷን ግን ሁካታው ሥራ አላስይዛት ብሏል። ነጩን ጨርቅ ለኛ ትታልን ነው የሄደችው። አባዬ ራሱ ሰቀለው፤ በውሃ ልክ።

ባለፈው እሁድ ከአክስቴ ጋር በምስል፣ አባዬ እስኪመጣ ብቻችንን ስናወራ ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት። «አባዬ ገመዱን አውቆ እንዳጠፈው ታውቂ ነበር?»

ሳቀች። «ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ» አለችኝ በእጇ። «በስህተት የታጠፈና ታስቦ የታጠፈ ይጠፋኛል? ደግሞ ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ባለመስታወቱ መዳፌ ላይ አሳይቶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

መዳፎቿን ገለበጠች። «በየትኛው ቃል? በላህ፣ ደከመህ፣ ዝናብ መጣ። ከነዚህ ውስጥ በየትኛው ልንገረው?»

ይሄኔ አባዬ ገባ። አርጅቷል፤ ወንበሩን እየተደገፈ ነጩ ጨርቅ ፊት ተቀመጠ። ጣቶቹ በመዶሻ ብዛት ደንድነዋል፤ ቋንቋውን ከእሷ ከራሷ፣ በዚሁ መስመር፣ በስተርጅና ነው የተማረው። እሷ «ምላስህ ዝጓል» እያለች ትቀልድበታለች። በመጀመሪያ እንደ ወትሮው ጣቱን ወደ አፉ ወስዶ «በላሽ?» አላት። ከዚያ እየተንተባተበ፣ አንዱን ምልክት ከሌላው እያምታታ፣ «ሰሞኑን ምን አዲስ ነገር አለ?» አላት።

አክስቴ እጅጌዋን ሰበሰበችና ጀመረች። ስለ አንዲት ደንበኛ ነው፤ ከዚያ ስለ ደንበኛዋ ባል፣ ከዚያ ስለ ባሏ እናት። አባዬ ዐይኑን አጥብቦ ወደ ፊት አዘነበለ። ከጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ ጎሸም አደረገኝ።

«ቀስ እንድትል ንገሪያት» አለኝ፣ ዐይኑን ከእጆቿ ሳይነቅል። «አልደረስኩባትም።»